ትልቅ ሥዕልን ዲጂታል ኮፒ ማድረግ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሥራዬ ሥዕል ፎቶ ማንሳት ነው፤ በተለይ ትልልቁን። ሠዓሊዎች ይደውላሉ። ጋለሪዎች ይደውላሉ። አባታቸው ትተውት ያለፉትን ሥዕል ሳሎን የሰቀሉ ልጆችም ይደውላሉ። የሚጠይቁኝ ግን ያው ነው፣ እኔም ያንኑ በቴሌግራም ድምፅ እየቀዳሁ ስመልስ ጉሮሮዬ አለቀ። አንዴ ጽፌው ልገላገል።

ለምን ስካን አይደረግም? ሰፈራችን ትልቅ ስካነር ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት አለ።

ትልቅ የሚሉት ኤ3 ነው፣ 29.7 በ42 ሳንቲ ሜትር። ከዚያ የሚበልጠው የሕንፃ ፕላን የሚያነበው ማሽን ነው፤ ወረቀቱን በሮለር መሃል እየጎተተ ያሳልፋል። ቀለም የተቀባ ሸራ እዚያ ውስጥ አታስገቡ። ቀለሙ ይሰነጠቃል፣ ሸራውም ከእንጨቱ ካልተላቀቀ መጀመሪያውኑ አይገባም።

ወረቀት ላይ በውሃ ቀለም ወይም በቀለም እርሳስ የሠራችሁት፣ ከኤ3 ትንሽ የሚበልጥ ከሆነ ግን ይቻላል። የስካነሩን ክዳን ክፍት አድርጋችሁ በሁለት በሦስት ዙር ታነሱትና ኮምፒውተር ላይ ይገጣጠማል። ወፍራም ቀለም ያለበት ሥዕል በዚህ መንገድ አይሆንም። ስካነር መስታወቱን የነካውን ብቻ ነው አጥርቶ የሚያየው፣ ከፍ ዝቅ ያለው ይደበዝዛል። በዚያ ላይ ቀለሙ መስታወቱ ላይ ሊለጠፍ ይችላል። ለእነዚህ ሁሉ መፍትሔው ካሜራ ነው።

ስንት ሜጋፒክስል ካሜራ ያስፈልገኛል?

ሁሉም በዚህ ይጀምራል። መልሱ ያለው ግን ካሜራው ላይ ሳይሆን ኮፒውን ምን ልታደርጉበት እንደሆነ ላይ ነው።

አንድ ሥዕል እንውሰድ፣ 100 በ150 ሳንቲ ሜትር። በዚያው መጠን፣ ሰው አፍንጫውን አስጠግቶ ቢያየው እንኳ እንዳይደበዝዝ አድርጋችሁ ማተም ከፈለጋችሁ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች፣ ማለትም በ2.54 ሳንቲ ሜትር፣ 300 ነጥብ) ታስባላችሁ። 11,811 በ17,717 ፒክስል ይመጣል፣ ወደ 209 ሜጋፒክስል (ሚሊዮን ፒክስል)። ገዢው ከሶፋ ላይ ሆኖ ነው የሚያየው ካላችሁ 150 ዲፒአይ ይበቃል፣ ወደ 52 ሜጋፒክስል ይወርዳል። ኤ4 ካታሎግ ላይ ለማውጣት ብቻ ከሆነ 9 ሜጋፒክስል እንኳ አይሞላም።

ስለዚህ «ስንት ሜጋፒክስል?» ብላችሁ ከመደወላችሁ በፊት ስንት በስንት እንደምታትሙ ወስኑ። ብዙ ሰው ለፌስቡክ ነው የሚፈልገው፣ ሳያውቀው ለሙዚየም የሚሆን ሥራ ያዝዛል። እኔ ብሩን አልጠላም፣ ግን ያሳዝነኛል።

የኔ ካሜራ 24 ሜጋፒክስል ነው። 209 ከየት ላምጣ?

ከራሱ ከካሜራው። ሥዕሉን እየቆራረጣችሁ ታነሱትና ታገጣጥሙታላችሁ። 24 ሜጋፒክስል ካሜራ አንድ ጊዜ ሲያነሳ 6,000 በ4,000 ፒክስል ይሰጣችኋል፤ በ300 ዲፒአይ ሲታሰብ የሥዕሉን 51 በ34 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። እያንዳንዱ ፎቶ ከጎረቤቱ ጋር ሲሶው እንዲደራረብ አድርጋችሁ ስታሰሉት አራት ወደ ጎን፣ አራት ወደ ታች፣ በጠቅላላው 16 ፎቶ ይወጣዋል። በቃ።

ትልልቆቹ ሙዚየሞችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፣ ልዩነቱ የትዕግሥት መጠን ነው። አምስተርዳም ያለው ሪክስሙዚየም የሬምብራንትን «የሌሊት ዘብ» እንዲህ አንስቶ በ2022 እ.ኤ.አ. አወጣው። 8,439 ፎቶ ተገጣጥሞ 717 ቢሊዮን ፒክስል ሆነ። አንዱ ፒክስል የሥዕሉን 5 ማይክሮ ሜትር ይሸፍናል፣ ከራስ ፀጉር ውፍረት በብዙ እጅ ያነሰ ማለት ነው። ድረ ገጹ ላይ ገብታችሁ ቅረቡ፣ ቅረቡ፣ ቅረቡ፤ የቀለሙን ስንጥቅ ታዩታላችሁ። እነሱም ቢሆኑ በአንድ ጥይት አላነሱትም።

ለመግጠሚያ ፎቶሾፕ ውስጥ ፎቶመርጅ የሚባለው አለ። ገንዘብ ማውጣት ካልፈለጋችሁ ሁጂን የሚባለው በነፃ ነው፣ ለመልመድ ግን ትንሽ ያስለቅሳል።

አንድ ቦታ ቆሜ ካሜራውን ወደ ግራ ወደ ቀኝ ባዞረውስ?

አይሆንም። ተራራ ስታነሱ ነው እሱ። ካሜራውን ስታዞሩት የሥዕሉ ጫፍ ይርቃል፣ መሃሉ ይቀርባል። ሶፍትዌሩ በግድ ይገጥመዋል፣ ግን ቀጥ ያለው መስመር ይጎብጣል፣ ዳር ላይ ያለውም ይደበዝዛል። ካሜራው ከሥዕሉ እኩል ርቀት እንደጠበቀ መንሸራተት አለበት።

እኔ እንዲህ ነው የማደርገው። ሥዕሉን ቀጥ ያለ ግድግዳ ላይ እሰቅላለሁ። ወለሉ ላይ ከግድግዳው እኩል ርቀት ጠብቄ ረጅም ፕላስተር እለጥፋለሁ፣ የትራይፖዱ ሁለት እግሮች እሱን እየረገጡ ይሄዳሉ። አንድ ረድፍ ስጨርስ የትራይፖዱን መሃል ዘንግ ዝቅ አደርግና ሁለተኛውን እጀምራለሁ። ካሜራችሁ ፉል ፍሬም (ሴንሰሩ 36 በ24 ሚሊ ሜትር የሆነ) ሆኖ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ካላችሁ 75 ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ ነው የምትቆሙት። በ100 ሌንስ ወደ አንድ ሜትር ተኩል ትሸሻላችሁ። እኔ 100ውን እመርጣለሁ፣ የራሴና የካሜራው ጥላ ሥዕሉ ላይ አይወድቅም።

አሁን የምነግራችሁን ዘዴ ብዙ ሰው አያውቀውም። ካሜራው ከሥዕሉ ጋር ትክክል ትይዩ መሆኑን በዓይን ማወቅ አይቻልም፣ እመኑኝ፣ እኔ ስንት ዓመት ሠርቼ አልችልም። ትንሽዬ ጠፍጣፋ መስታወት፣ የመዋቢያዋ ትበቃለች፣ ሥዕሉ መሃል ላይ በስሱ ያዙ። ቀለሙን ከሰጋችሁ ከጀርባው ስስ ወረቀት አድርጉ። በካሜራው ስታዩ የራሱን የሌንሱን ምስል መስታወቷ ውስጥ ታገኛላችሁ። ሌንሱ ልክ የፎቶው መሃል ላይ ከታየ ትይዩ ናችሁ። ወደ ግራ ካጋደለ ካሜራውን አዙሩ፣ ወደ ላይ ከሸሸ አንገቱን አስተካክሉ። ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ካሜራዬን ምን ላይ ላድርገው?

ሁሉንም በእጅ። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ) ኤፍ 8፣ ሹተሩ (ብርሃን የሚያስገባው በር) መብራቱ የፈቀደውን ያህል ይዘግይ፣ ትራይፖድ ላይ አይደል? ፎከሱን አንዴ አስተካክላችሁ አውቶውን አጥፉት። ዋይት ባላንሱንም (ነጩን ነጭ የሚያደርገውን) ቆልፉት። ካሜራው በራሱ እንዲያስብ ከተዋችሁት ጥቁሩ ጋ ሲደርስ ያበራዋል፣ ነጩ ጋ ሲደርስ ያጨልመዋል፣ ስትገጥሙት የተለጣጠፈ ድሪቶ ይመስላል። በሮው (ካሜራው ባልነካካው ጥሬ ፋይል) አንሱ። በጣት ሳይሆን በሁለት ሰከንድ ታይመር ተኩሱ።

ስለ መብራት ንገረን።

ጉዳዩ ያለው እዚህ ነው። መካከለኛ ካሜራ በጥሩ መብራት፣ ውድ ካሜራን በመጥፎ መብራት ሁሌ ያሸንፈዋል።

ሁለት አንድ ዓይነት መብራት፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ፣ ከሥዕሉ 45 ዲግሪ ላይ። አንድ ዓይነት ስል የእውነት አንድ ዓይነት፤ አንዱ ነጭ አንዱ ቢጫ ከሆነ ሥዕሉ ግማሽ ፊቱ ታሟል። ራቅ አድርጓቸው። መብራት ቀርቦ ሲሆን የቅርቡ ጫፍ ይቃጠላል መሃሉ ይጨልማል። ኤልኢዲ የምትገዙ ከሆነ ካርቶኑ ላይ ሲአርአይ የሚለውን (መብራቱ ቀለምን ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ ከ100 የሚለካውን) ፈልጉ፣ 95 እና ከዚያ በላይ ይሁን። የሱቅ ረጅም አምፖል ቀዩን ቀለም ይገድለዋል።

እኩል መብራቱን በእርሳስ ነው የምታውቁት። እርሳሷን ሥዕሉ መሃል ፊት ለፊት ወደ እናንተ ቀስራችሁ ያዙ። በግራና በቀኝ ሁለት ጥላ ይወጣል። ሁለቱ በርዝመትም በጥቁረትም እኩል ከሆኑ ጨርሳችኋል። አንዱ ከጠቆረ ከእሱ በተቃራኒ በኩል ያለው መብራት በርትቷል፣ ትንሽ አሽሹት። ከዚያ አራቱም ማዕዘን ላይ ድገሙት።

ከዚያ የቤቱን መብራት አጥፉ፣ መጋረጃውን ዝጉ። ጥቁር ልበሱ። አንዷ ሠዓሊ ቢጫ ጃኬት ለብሳ ሥዕሏ አጠገብ ቆማ ስታየኝ ነበር፣ ቤት ገብቼ ፋይሉን ስከፍት የሥዕሉ ግራ ጎን በሙሉ ወርቃማ ሆኗል። እኔ ደግሞ መብራቱን ስሳደብ ነው ያመሸሁት።

መብራት ቢሄድስ? በፀሐይ ብርሃንስ?

የቀን ብርሃን በጣም ጥሩ ነው፣ የማይታመን መሆኑ ነው ችግሩ። 16 ፎቶ ስታነሱ ሃያ ደቂቃ ይሄዳል፣ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ደግሞ ደመና መጥቶ ይሄዳል። በአንድ ፎቶ የሚያልቅ ሥራ ከሆነ ግን ሥዕሉን ወደ ውጭ አውጡት፣ ጥላ ውስጥ፣ ፀሐይ ጭራሽ ሳይነካው። ደመናው ሰማዩን እኩል የሸፈነበት የክረምት ጠዋት ካገኛችሁ ማንም ስቱዲዮ አይደርስባችሁም፤ ዝናቡ ሳይጀምር ፍጠኑ እንጂ። ጥላ ውስጥ ፎቶው ወደ ሰማያዊ ያዘነብላል፣ በኋላ ይስተካከላል።

ሥዕሌ ያብረቀርቃል፣ ጥቁሩ ነጭ ሆኖ ይወጣል።

ኦይል ነው አይደል? መጀመሪያ፣ ቫርኒሽ ካልቀባችሁት አትቅቡት፣ ከፎቶ በኋላ ይቀባል። ከተቀባ መብራቶቹን ከ45 ዲግሪው ወደ ጎን ለጠጥ አድርጓቸው፣ ግማሹ ችግር ይጠፋል።

ቀሪውን የሚያጠፋው ፖላራይዘር ነው፣ ነጸብራቅን የሚያስቀር ማጣሪያ። መብራቶቹ ፊት የፖላራይዘር ላስቲክ ትጋርዳላችሁ፣ ሌንሱ ላይ ደግሞ ክቡን ፊልተር። ሌንሱ ላይ ያለውን እያዞራችሁ ስታዩ የሆነ ቦታ ላይ ነጸብራቁ በአንዴ ድርግም ይላል፣ ጥቁሩ ጥቁር ይሆናል። የመጀመሪያ ቀን ሳየው አስማት ነው የመሰለኝ።

ግን ጥንቃቄ፣ የወርቅ ቀለም ካለበት። ወርቅን ወርቅ ያሰኘው ነጸብራቁ ነው፣ እሱን ስታጠፉት የቅዱሳኑ አክሊል ጭቃ ይመስላል። እንዲህ ያለውን ሁለት ጊዜ አነሳለሁ፣ በፖላራይዘርና ያለ ፖላራይዘር፣ ከዚያ ወርቁን ብቻ ከሁለተኛው እወስዳለሁ። በቢላ የተጫነ ወፍራም ቀለም ላይም ሙሉ በሙሉ አታጥፉት። ትንሽ ጥላ ካልቀረ ሥዕሉ ፖስተር ይመስላል።

ቀለሙ ለምን ልክ አይመጣም?

ሦስት ቦታ ይጠፋል። ስታነሱት፣ ስታዩት፣ ስታትሙት።

ስታነሱት 24 ቀለም ያለባትን የቀለም ካርድ ሥዕሉ ጎን አድርጋችሁ አንድ ፎቶ አንሱ፣ ኮምፒውተሩ እሷን አይቶ ሌሎቹን ያስተካክላል። ነጭ ወረቀት አይተካትም፣ የኛ ወረቀት ብዙው ሰማያዊ የተቀላቀለበት ነው። ስታዩት፣ ስክሪናችሁ ያልተስተካከለ ከሆነ በዓይናችሁ አትፍረዱ፤ ስልክ ደግሞ ሁሉንም ያሳምራል። ስታትሙት፣ ባነር ቤት የሚያትመው ለመንገድ ነው፣ ከሩቅ ለሚታይ። ለሥዕል በኮተን ወረቀት ወይም በሸራ ላይ የሚያትም ፈልጉ፣ ሙሉውን ከማዘዛችሁ በፊት አንድ ክንድ የሚያህል ቁራጭ አሳትማችሁ ከዋናው ጎን አቁሙት።

የሚያበራ ሮዝና አረንጓዴ የተጠቀማችሁ፣ ይቅርታ፣ እሱ አይወጣም። የትም አይወጣም። ኮባልት ሰማያዊም ካሜራና ዓይን የማይስማሙበት ቀለም ነው፣ በእጅ ማስተካከል ይፈልጋል።

አልገጣጠም ያለኝ ፎቶ አለ። ምን አጠፋሁ?

አብዛኛውን ጊዜ መደራረቡ አንሷል። በተለይ ሰፊ ባዶ ሰማይ ያለበት ሥዕል ላይ ሶፍትዌሩ የሚይዘው ነገር ያጣል፣ እዚያ ግማሽ በግማሽ ደራርቡ።

ሁለተኛው፣ ሥዕሉ ራሱ ትክክለኛ አራት ማዕዘን አይደለም። እንጨቱን የገጠመው አናጺ ትንሽ አጋድሎት ሊሆን ይችላል። ከማንሳታችሁ በፊት አራቱንም ጎንና ሁለቱን ሰያፍ በሜትር ለኩና ጻፉ። ሰያፎቹ እኩል ካልሆኑ ኮምፒውተር ላይ በግድ አታቅኑት፣ ሥዕሉ እንደዚያ ነው።

ሦስተኛው ደግሞ የእኔው ነው። አንድ ትልቅ ሥዕል አንስቼ፣ ትንሿ የካሜራ ስክሪን ላይ ሁሉም ደህና መስሎኝ፣ «ጨርሰናል፣ መውሰድ ትችላላችሁ» አልኩ። ማታ ስከፍተው ከ16ቱ አንዷ ተንቀሳቅሳለች። የሴትዮዋ እጅ ያለባት። ሥዕሉ በማግስቱ ጠዋት በረራ ነበረው። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ መብራቶቼን ተሸክሜ የሰው በር ሳንኳኳ ውሻቸው ምን እንዳደረገኝ አልነግራችሁም። ከዚያ ወዲህ ላፕቶፕ ይዤ ነው የምሄደው። እዚያው ሳልገጥመው፣ እያንዳንዷን መቶ በመቶ አጉልቼ ሳላይ ሥዕሉ ከግድግዳ አይወርድም።

በስልክ አይሆንም?

ለማስታወሻ፣ ለኢንስታግራም፣ ለገዢ መጀመሪያ ለማሳየት ይሆናል። ሰፊውን ሌንስ አትጠቀሙ፣ ጠርዙን ያጎብጠዋል። ራቅ ብላችሁ 2 ወይም 3 ኤክስ በሚለው አንሱ። ለሕትመት ግን ስልኩ ምስሉን በራሱ ጠርዙን እያጎላ፣ እያለሰለሰ ነው የሚያወጣው፣ የብሩሹን ምት ይበላዋል።

ሥዕሉ መስታወት ውስጥ ነው።

አውጡት።

ከውጭ ሀገር ተጠቅልሎ የመጣ ሸራ አለኝ፣ ሞገድ ሞገድ ሆኗል።

ካውያ አታስቡ! ብዙ ሰው ያስበዋል፣ ለዚህ ነው የጮኽኩት። ትክክለኛው እንጨት ላይ አስወጥሮ ማንሳት ነው፣ የሚወጥር ሰው ሥዕል ሠሪዎች ዘንድ አይጠፋም። ያ ካልሆነ ንጹሕ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉትና ጥቂት ቀን ይረፍ፣ ካሜራውን ከላይ ወደ ታች አድርጋችሁ ታነሱታላችሁ። መልሳችሁ ስትጠቀልሉ ቀለሙ ወደ ውጭ ይሁን፣ ወፍራም ቱቦ ላይ። ወደ ውስጥ ሲሆን ቀለሙ ይጨማደዳል።

የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያለ ሥዕል ማንሳት እፈልጋለሁ።

መጀመሪያ ፈቃድ፣ ከአስተዳዳሪውም፣ እንደ ቦታው ከቅርስ መሥሪያ ቤቱም። የድሮዎቹ ብዙዎቹ ጨርቅ ላይ ተሥለው ግድግዳው ላይ የተለጠፉ ናቸው፣ ስለዚህ ግድግዳው ሲያብጥ አብረው ያብጣሉ፣ መገጣጠሙን ያከብደዋል። የጧፍ ጢስ ያጠቆረውን «ትንሽ ልጥረገው» እንዳትሉ፣ በደረቅ ጨርቅም ቢሆን። እንደ ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ የመላእክት ፊቶች ጣሪያ ላይ ያለ ከሆነ ካሜራውን ወለል ላይ አጋድማችሁ ሌንሱን ወደ ላይ አድርጋችሁ እሱንም በመስመር ታንሸራትታላችሁ። የመስታወቷ ዘዴ ግን እዚያ አትሠራም፣ በውሃ ልክ ነው።

ሥዕሉን ገዝቼዋለሁ። ኮፒውን አሳትሜ መሸጥ እችላለሁ?

አይ። የገዛችሁት ሸራውን ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የማባዛቱን መብት ለሠዓሊው ይሰጣል፣ እሱ በሕይወት እያለና ካለፈ በኋላም ለ50 ዓመት። በጽሑፍ ካልሰጣችሁ የእናንተ አይደለም። ሠዓሊዎችም፣ ሥዕሉ ቤታችሁ ሳለ አስነሱት። ከተሸጠ በኋላ የገዢውን ሳሎን መለመን አለ፣ ገዢው ደግሞ ዋሽንግተን ሊሆን ይችላል።

ስንት ታስከፍላለህ?

ሥዕሉን ሳላይ አልናገርም። መጠኑን፣ የሚያብረቀርቅ መሆኑንና ስንተኛ ፎቅ ላይ እንደሆነ ላኩልኝ።

ፋይሉን እንዴት ትልክልኛለህ?

ያ 209 ሜጋፒክስሉ በተራ 8 ቢት የቀለም ጥልቀት ወደ 630 ሜጋባይት ነው፣ በ16 ቢት ከ1.2 ጊጋባይት ያልፋል። ዋናው ቲፍ (ጥራቱ የማይቀንስ ፋይል) ይሆናል፣ ለዕለት ሥራ ጄፔግ አብሬ እሰጣለሁ። ቴሌግራም ላይ እስከ 2 ጊጋባይት ይሄዳል፣ ግን «ፋይል» ብላችሁ ነው የምትልኩት እንጂ «ፎቶ» ብላችሁ አይደለም። ፎቶ ብላችሁ ከላካችሁት እነዚያን ሁሉ 16 ፎቶዎች ጨፍልቆ የስልክ ስክሪን የምታህል ያደርጋታል፣ ማተሚያ ቤቱም ያችን ተቀብሎ ያትማታል፣ ከዚያ ለእኔ ይደወላል። ሁለት የተለያየ ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀምጡት፣ አንዱን ቤት አንዱን ሌላ ሰው ጋ። እኔ ዘንድ ለ6 ወር ብቻ ነው የማቆየው።